ሙሐዲን ለኢሜይላችሁ መልስ ያልሰጠበት ምክንያት

ለክቡራን የብራውዘሩ ባለቤቶች፣
በተለይም ለአፕዴትና ለተጨማሪ ፕሮግራሞች ክፍል ኃላፊዎች፣
ባላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰቦቻችሁ፣ የሥራ ባልደረቦቻችሁ፣ ቢሮአችሁን የሚያጸዱትም ሳይቀሩ እንደምን አሉ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስሜ ሃፊዛ ይባላል፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ቤቴል በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ። ይህን መጥቀሴ እንድታዝኑልኝ ፈልጌ ሳይሆን፣ ያጠፋችሁብኝ ነገር ምን እንደነበረ ያለዚህ ሊገባችሁ ስለማይችል ነው።

ኢንተርኔት የምንከፍትበት ይህ ብራውዘራችሁ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው እንደሚጠቀምበት ሰምቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የእኔን ኮምፒውተር ሳትረሱ አፕዴት ስለምታደርጉልኝ አስቀድሜ ላመሰግን እወዳለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ መብራትም እንደ ፈቃዱ ይሄዳል፣ ይመጣል። የእናንተ አፕዴት ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

የመሥሪያ ቤት ሰው ቁጥር ያለው አቤቱታ እንደሚመቸው ስለማውቅ፣ የእኔንም በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሙሐዲን።

ሙሐዲን ባለቤቴ ነበር። ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግንበት ሱቅ ነበረው። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ተማሪዎቼ ድርሰታቸውን በኢንተርኔት እንዲልኩ ተወሰነ፤ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላም በዚያው ቀጠለ። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው አንባቢ ፕሮግራም እንግሊዝኛውን ጥርት አድርጎ ያነብልኛል፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ገጹ ባዶ እንደሆነ ሁሉ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ድርሰቶች ሙሐዲን ከሱቅ ሲመለስ እያነበበልኝ አረምኩ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ድምፁ ተዘጋ።

"በዚህ ዓይነት ጉሮሮዬ አይተርፍም፤ ማሽኑን ባስተምረው ይሻላል" አለኝ።

ያስተማረውም ቁም ሳጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እየገባ፣ ከሀ እስከ ፐ ያሉትን ፊደሎች አንድ በአንድ በራሱ ድምፅ በመቅዳት ነበር። ከዚያም ብራውዘራችሁ ላይ የሚገጠም፣ እናንተ ኤክስቴንሽን የምትሉትን ተጨማሪ ፕሮግራም ሠራ። አማርኛ ጽሑፍ ሲያገኝ ፊደሉን እየለቀመ በሙሐዲን ድምፅ ያነባል። ጥሩ አንባቢ ነበር ብዬ አልዋሽም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ "ገና" ሲል በዓሉን ይሁን ያልደረሰውን ነገር ከዙሪያው ካልሆነ አይታወቅም። የ"መ"ን ቤት የቀዳው አፍንጫው በጉንፋን ተደፍኖ ስለነበር "እማማ" የሚለውን "እባባ" ይለዋል። የ"ሰ" ቤት ላይ ደግሞ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል። እንደገና እንዲቀዳው ስለምነው "ለምደሽዋል፣ ተይው" ይለኝ ነበር። እውነትም ለምጄው ነበር። ሌሎች ዓይነ ስውራንም ይጠቀሙበት ብሎ፣ ተጨማሪ ፕሮግራሞች በሚወርዱበት መደብራችሁ ላይ በነፃ አስቀመጠው።

፪ኛ. ስለ ማስጠንቀቂያዎቻችሁ።

አንድ ዓመት፣ ረመዳን ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ሙሐዲን ሱቁ ውስጥ እንደተቀመጠ ደም ግፊቱ ተነስቶበት ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። አላህ ይርሐመው። ኮልፌ ሙስሊም መቃብር ቀበርነው። ዒዳዬን፣ ማለትም የባል ሐዘን ጊዜዬን ጨርሼ ወደ ሥራ ስመለስ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፤ የልጆቹን ድርሰት አነበበልኝ። ሊጠይቁኝ መጥተው ድምፁን በበሩ ሰምተው የተመለሱ ጎረቤቶች እንዳሉ በኋላ ነገሩኝ። እኔ አልፈራሁትም፤ አላለቀስኩበትም። እሱ አነበበ፣ እኔ አረምኩ፤ በዚህ ሁኔታ ኖርን።

እናንተም "ይህ ተጨማሪ ፕሮግራም በቅርቡ መደገፉ ይቋረጣል" ማለት የጀመራችሁት በዚህ መካከል ነው። ደንባችሁን እንደቀየራችሁ፣ በአሮጌው ደንብ የተሠራ ሁሉ እንደሚዘጋ፣ ይህም ለራሴ ደኅንነት ሲባል እንደሆነ እንግሊዝኛው ድምፅ አነበበልኝ። ስለ ደኅንነቴ ይህን ያህል በማሰባችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የማማክረው ስልክ ቤት የምትሠራውን ጎረቤቴን ሌሊሴን ነው።

"ቲቸር፣ ሁሉም እንዲህ ይላል። 'በኋላ' የሚለውን ይጫኑትና ይለፉት" አለችኝ።

ተጫንኩት። በመጣ ቁጥር ተጫንኩት። አንድ ጠዋት ግን "በኋላ" የሚለው ቁልፍ አልነበረም። አንድ ድርሰት ከፈትኩ፤ ዝም አለ። ሌላ ከፈትኩ፤ እሱም ዝም አለ። የትምህርት ቤት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ሻርፔን አድርጌ ታክሲ ተሳፈርኩ።

፫ኛ. ስለ ምክራችሁ።

በቦታው ትታችሁልኝ የሄዳችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ "ይህ ተጨማሪ ፕሮግራም ከእንግዲህ አይደገፍም፤ ለበለጠ መረጃ አዘጋጁን ያነጋግሩ" ይላል። ምክራችሁን በአክብሮት ተቀብያለሁ። አዘጋጁ ያለበትን ስፍራ ከላይ ጠቅሻለሁ፤ ከቤቴም ሩቅ አይደለም። ጁምዓ ጁምዓ እሄዳለሁ። ስለ አፕዴቱ እስካሁን ያለኝ ነገር የለም።

ለእርዳታ ክፍላችሁም ጽፌ ነበር። መልሳችሁ ጽፌ ሳልጨርስ የደረሰ እስኪመስለኝ ድረስ ፈጣን ነበር፤ ኮምፒውተሬን አጥፍቼ እንዳበራ የሚመክር ነው። አጥፍቼ አበራሁ።

ሌሊሴ ደግሞ የብራውዘሩን አሮጌ ቅጂ ከሆነ ቦታ ፈልጋ ጫነችልኝ። የ"ሰ" ቤት ዝናቡ ሳይቀር ተመለሰ። ሁለት ድርሰት እንዳረምኩ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ ብራውዘሩ ራሱን በራሱ አድሶ ጠበቀኝ። በዚህኛው ዙር መዝጋት ብቻ ሳይሆን የሙሐዲንን ፕሮግራም ከኮምፒውተሬ ላይ ጠርጎ አወጣው። ድምፁን የቀዳበት ማሽን የሱቁ ነበር፤ ሱቁ ሲዘጋ ወንድሞቹ ከዕቃው ጋር ሸጠውታል። እነሱ በምን ያውቃሉ?

፬ኛ. ማንነቴን ለማረጋገጥ ስላደረጋችሁት ጥንቃቄ።

ሌሊሴ አንድ መንገድ ቀርቷል አለችኝ። በሙሐዲን ስም መደብራችሁ ውስጥ መግባት ከቻልን ዋናውን ፋይል ማውረድ ይቻል ይሆናል። የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ። ስናስገባው እናንተ ወደ ሙሐዲን ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ላካችሁ። የሙሐዲን ስልክ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት ስለቆየ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ደወልኩ። ረጋ ያለ የሽማግሌ ድምፅ አነሳ።

"ይቅርታ አባቴ፣ አሁን ስልክዎ ላይ የገባ አጭር ቁጥር አለ፤ ቢያነቡልኝ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ለማንም አትንገሩ ተብለናል። በሬዲዮም ነግረውናል" አሉኝ።

"የስልክ ቁጥሩ የሟች ባለቤቴ ነበር።"

"ይሆናል። ግን አታላዮችም የሚጠይቁት እንዲሁ ብለው ነው ይባላል።"

"ልክ ነዎት፤ አመሰግናለሁ" ብዬ ዘጋሁ። ልክ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ደንባችሁን በትክክል ያከበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ወጥ እየሠራሁ ስልኬ ጮኸ። ስልኬ የሚደውለውን ሰው ስም ይጠራልኛል፤ ስሙን ስላልቀየርኩት "ሙሐዲን" አለ። ምድጃውን አጠፋሁና አነሳሁት።

"ትናንት የደወልሽው ልጅ ነሽ? ኃይለመስቀል እባላለሁ፤ ያለሁት ፍቼ ነው" አሉኝ። "ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። አታላይ ሰው ሲከለክሉት ይሳደባል እንጂ አያመሰግንም። በይ አሁን ይላኩትና ላንብብልሽ።"

ሌሊሴን ጠርቼ ቁጥሩ እንደገና እንዲላክ አደረግን። ጋሽ ኃይለመስቀል ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው። የመጀመሪያውን ቁጥር እንደ መዝገብ ቁጥር ጎላ አድርገው፣ እያንዳንዱን እየደገሙ ሲያነቡልን ጊዜው አለፈበት። በሁለተኛው ገባን።

ውስጥ የጠበቁን የእናንተ ኢሜይሎች ነበሩ፤ ሌሊሴ እየተረጎመች አነበበችልኝ። "ውድ አዘጋጅ፣ ፕሮግራምዎን በአዲሱ ደንብ መሠረት ያድሱ።" "ውድ አዘጋጅ፣ ከእርስዎ ምላሽ አላገኘንም።" "ውድ አዘጋጅ፣ በተሰጠዎት ጊዜ ምላሽ ባለመስጠትዎ ፕሮግራሙ ከመደብሩ ተወግዷል፤ ፋይሎቹም ተሰርዘዋል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።"

ከዚህ በታች ሌላ ነገር አልነበረም። ሌሊሴ አለቀሰች። እኔ ሻይ አፈላሁላት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ሳልሰጥ እቀጥላለሁ፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ከዚያ በኋላ በላካችሁት አፕዴት ላይ ብራውዘሩ ራሱ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማንበብ እንደጀመረ አበሰራችሁን። ከፈትኩት። ድምፁ ጉንፋን የሌለበት፣ ዝናብም የማይሰማበት፣ በጣም ያማረ ድምፅ ነው። የልጆቹን ድርሰት ስሰጠው "ይህ ቋንቋ አይደገፍም" አለኝ፤ ያንንም ባማረ ድምፅ ነው ያለኝ።

ምክትል ርእሰ መምህራችን ወይዘሮ ተሻለች ክፉ ሰው አይደለችም። ያልታረመው ድርሰት ሲከማች፣ ወላጆችም መጠየቅ ሲጀምሩ፣ አስጠራችኝ። "ሃፊዬ፣ ለጊዜው ነው እንጂ ለሁልጊዜ አይደለም። ትንሽ ቢቀልልሽ ብዬ ነው" አለችኝና ከሦስቱ ክፍሎቼ ሁለቱን ለሌላ መምህር ሰጥታ በምትካቸው ሚኒ ሚዲያውን እንድቆጣጠር አደረገች። አልተከራከርኳትም። አሁን ጠዋት ጠዋት ልጆች በድምፅ ማጉያ ዜና ሲያነቡ አጠገባቸው እቆማለሁ። መናደድ ነበረብኝ ይሉኛል። መናደድ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቴን አንድ ቦታ አስቀምጬ የት እንደሆነ የጠፋኝ ይመስለኛል።

ጋሽ ኃይለመስቀል ግን ከዚያ በኋላም ደወሉ።

"ተገኘ?" አሉኝ።

"አልተገኘም። ክፍሎቼም ተወስደው አንድ ብቻ ቀርቶኛል።"

"ታዲያ የቀረልሽን ክፍል ድርሰት ማን ያነብልሻል?"

"እስካሁን ማንም።"

"ዓይኔ እኮ ደህና ነው" አሉኝ። "ሥራም የለኝ። ላኪልኝ።"

ሌሊሴ በቴሌግራም ትልክላቸዋለች፤ እሳቸው ቅዳሜ ከሰዓት ይደውሉና ያነብቡልኛል። በጥሩ አማርኛ ነው የሚያነብቡት፤ የሚጠብቀውን ያጠብቃሉ፣ የሚላላውንም ያላላሉ። ችግሩ ለረጅም ዘመን ውሳኔ ሲያነብቡ ስለኖሩ፣ ድመቷ ስለጠፋባት ልጅ ሲያነብቡ እንኳ ድመቷ ይግባኝ ልትጠይቅ የምትችል ይመስላል። አንድ ቀን በዚህ ሳልስቅ አልቀረሁም፤ እሳቸውም ቆም ብለው "ምነው? አጠፋሁ?" አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬ "ሙሐዲን" ይላል። ሌሊሴ ስሙን ልቀይረው ብላኝ ነበር። ተይው አልኳት።

ክቡራን ሆይ፣ ይህን መፍትሔ ያገኘነው እኛው ስለሆንን፣ በሚቀጥለው አፕዴታችሁ ከአዳዲስ አገልግሎቶቻችሁ መካከል እንዳትቆጥሩት በትሕትና አሳስባለሁ።

ፋይሎቹ እንደተሰረዙ ስለጻፋችሁለት፣ እንድትመልሱልኝ አልጠይቅም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። እናንተ ዘንድ ባለው መዝገብ ሙሐዲን "ምላሽ ያልሰጠ" ተብሎ ተመዝግቧል። ሙሐዲን እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ደንበኛ በስልክ ካጣው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚመልስ፣ የማያውቀው ሰው በኢሜይል ለጠየቀው ጥያቄ እራቱን ሳይበላ የሚጽፍ ሰው ነበር። ለእናንተ መልስ ያልሰጠው ስለሞተ ነው። እባካችሁ ይህንን አስተካክላችሁ ጻፉለት። ይህ አዲስ ደንብም፣ አዲስ ስሪትም የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

እንግዲህ ውድ ጊዜያችሁን በመሻማቴ እየተጸጸትኩ፣ ለሰጣችሁኝ ደኅንነት፣ ምክርና ፍጥነት ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ ቃል እያጣሁ፣ ከእናንተም ከልጆቻችሁም የሚያነብ ድምፅ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

ሃፊዛ ሽኩር
የአማርኛ መምህርትና የሚኒ ሚዲያ ተቆጣጣሪ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት በአስተያየት መስጫ ሳጥናችሁ በኩል ልልክላችሁ ሞክሬ ነበር። ሳጥኑ ጽሑፉ ስለበዛ እንዲቀነስ ጠየቀ። ሌሊሴ "ቲቸር፣ ከየቱ ልቁረጥ?" አለችኝ። "ምስጋናውን በሙሉ አውጪው" አልኳት። ልክክ ብሎ ገባ።