እማዬ የነገረችኝ ድራማ

ውድ እማዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ስል እጄ ቆመ። ከተለየሽኝ ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ያው ዶሃ፣ ሙዓይዘር፣ ማዳም ቤት ነኝ። ማዳም አራተኛ ልጅ ወልዳለች። ሹግሉ፣ ሥራው ማለቴ ነው፣ ጨመረ፤ ጉልበቴ ቀነሰ። ኮምቦልቻ ደግሞ ወንድሜ ጀማል ቤቱን ቀለም ቀብቶታል፤ ቴሌቪዥንሽንም ወደ እሱና ወደ ሚስቱ ክፍል ወስደውታል አሉኝ።

እሑድ ማታ የቤተሰብ ድራማውን አይተሽ ሰኞ ጠዋት በድምፅ ትልኪልኝ ነበር። እኔ የማዳምን ባል የባባን ጀለቢያ እየተኮስኩ እሰማሻለሁ። «ልጄ፣ ጉድ ነው ያመለጠሽ!» ብለሽ ነበር የምትጀምሪው። ከሁሉም የምጠይቅሽ ስለ ሀያት ነበር፤ ድራማው ላይ ለሥራ ዐረብ አገር ስለሄደችው ልጅ። አንድ ሰኞ እያሳለሽ፣ «አገሯ ገባች እኮ! እናቷ በር ላይ ቆማ እልል ስትል ብታያት!» አልሽኝ። ደስ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ አልደከመኝም። ስለ ሳልሽ ስጠይቅሽ «ጉንፋን ነው» አልሽ።

ከሁለት ወር በኋላ ጀማል ደውሎ መርዶሽን ነገረኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እድሳት ላይ ስለነበር ለሰደቃሽ እንኳ አልደረስኩም።

ድራማውን ከዚያ ወዲህ ማየት አልቻልኩም ነበር። ባለፈው ጁምዓ ግን አል ሙንተዛህ፣ ጓደኛዬ ዘይነባ ክፍል ሄጄ፣ እሷ ከስልኳ የድራማውን የቆዩ ክፍሎች ከፈተችልኝ። ሀያት አገሯ ገባች፣ እውነትሽን ነው። በር ላይ ግን ማንም አልነበረም። እናቷ ከሞተች ወር አልፏት ነበር።

ተናደድኩብሽ እማዬ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ቆይቶ የዚያን ሰኞ ሳልሽ ጆሮዬ ላይ መጣ። ለካ መታመምሽን ታውቂ ኖሯል። እኔ በሰው አገር እንዳልደነግጥብሽ ብለሽ የሀያትን እናት ከሞት አስነሣሻት።

ዘይነባ፣ «ተነሽ እንጂ፣ የመጨረሻው ክፍል ቀርቶናል» ስትለኝ፣ «ኸላስ፣ በቃኝ፣ ለእኔ እናቴ ጨርሳልኛለች» አልኳት። አልገባትም፤ እኔም ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

ደክሞኛል እማ። ማዳም ለዒድ ልትለቀኝ ቃል ገብታለች። ኢንሻአላህ መጥቼ መቃብርሽ ዘንድ ፋቲሓ እቀራልሻለሁ። የሚጠብቀኝ እንደሌለ አውቄ ነው የምመጣው። የነገርሽኝን የበር ላይ እልልታ ግን፣ እስክከተልሽ ድረስ፣ እንደነገርሽኝ እይዘዋለሁ።

ልጅሽ ሰዓዳ