ወደ ዛሪማ በእግሬ ስለ መሄዴ

ይድረስ ለፋንታሁን፤

ስትመለስ አታገኘኝም። የእህቴ የሸዋአየሁ ተዝካር እንዳያመልጠኝ ወደ ዛሪማ በእግሬ ወጥቻለሁ። በማኪናህ ልታደርሰኝ ቃል መግባትህን አልረሳሁም፤ ነገር ግን በዚያ መንኰራኵር የሊማሊሞን ቁልቁለት አልወርድም። አንተም ሰው ጭነህ አትውረድ።

ዛሬ ማለዳ መካኒኩ አያ በላቸው መጥቶ የፊቱን ግራ ጎማ በክሪክ አነሣው። ላይና ታች ይዞ ቢነቀንቀው ተወዛወዘ፤ ቢያሽከረክረው እንደ ወፍጮ አጓራ። ፈትቶ ሲያየው፦ «የኔታ፥ በረቡዕ ሞራ የምትበላ ማኪና ዛሬ አየሁ!» ብሎ ሣቀ።

እኔ አልሣቅሁም። «ድምፁ ጠፍቷል» ብለህ የማልህልኝ ለካ ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ በሞራ ሞልተህ ነው። ሞራ ጩኸቱን ለጥቂት ጊዜ ያስተኛል እንጂ የተበላውን ብረት አይመልስም።

አዲሶቹ ኩሽኔታዎች ከአልጋህ ራስጌ ናቸው። የቀኙንም ለውጥ፤ አብረው አርጅተዋል። ከግራሶ በቀር ሌላ ቅባት አታግባበት። ኩሽኔታውን የሚያስረውን ዳዶ ካጠበቅህ በኋላ ጥቂት መልሰህ አላላው፤ ጎማው ሳይወዛወዝ ሳይያዝም ይዙር።

ሽሮው በድስት ውስጥ ነው።

ትናንት በር ላይ «እርስዎ ስለ ማኪና ምን ያውቃሉ?» ያልኸኝን አላነሣውም።

ከእህቴ ሞት ወዲያ ማዕድ የምቆርሰው ከአንተ ጋር ብቻ ነው። ለውጠህ ከመጣህ ዳባት ሳልደርስ ታገኘኛለህ፤ ቁም፥ እሳፈራለሁ። ሳትለውጥ ከመጣህ ግን አልፈኸኝ ሂድ እንጂ ቆመህ አትጥራኝ። ብትጠራኝ እንቢ ማለት አይሆንልኝም።

ተክለ ጊዮርጊስ