ወጥ ቤትሽ ቀለሙን አገኘ

ለጥሩዬ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ሙት ዓመትሽን ዘክረን ዘመድ አዝማድ ወደየቤቱ ሲበተን እኔ ወደ ወጥ ቤትሽ ገባሁ። አትደንግጪ፣ ላበስል አይደለም፤ ልቀባ ነው።

የካ አባዶ የቤታችንን ቁልፍ የተረከብን ዕለት ባዶው ወጥ ቤት መሀል ቆመሽ፣ «ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ብቻ፤ ለጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል» አልሽ። እኔ ነጭ አልኩ። «ክሊኒክ ልትከፍት ነው?» አልሽኝ። ስድስት ዓመት ተከራከርን፤ ስድስት ዓመት ግድግዳው በሲሚንቶው ቀረ። የረታሁ መስሎኝ ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሳየው ግን የረታው ሲሚንቶው ነው። ስለዚህ ማልኩ፤ ወጥ ቤትሽ ልክ ያልሽው ቀለም ይሆናል፣ የሚቀራረበው ሳይሆን ራሱ።

እንደምታውቂኝ ሳላነብ ሚስማር አልመታም። ስለ ቀለም ሦስት መጽሐፍ ጨረስኩ። ከዚያ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥቼ ተሳለምኩ፤ መቃብርሽ ዘንድ ትንሽ ተቀመጥኩና ካደግሽበት ሰፈር በላይ ካለው የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ አንድ ለጋ ቅጠል ቀጠፍኩ። አመድማ አረንጓዴ፣ ላዩ ላይ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል። እንዳይጠፋብኝ በመዳፌ ጨብጬ ሁለት ታክሲ ተሳፈርኩ። ቀለም ቤቱ ያለው ሰውዬ ቅጠሉን አገላብጦ አየና ቀየጠልኝ፤ ቁርጥ ቅጠሉን። አንዱ ግድግዳ እንዳለቀ ልጃችን ሜሮን ገብታ፣ «አባዬ፣ የትምህርት ቤት አጥር አስመሰልከው እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ ነበር።

ለካ ያ ዱቄት በእጅ ሲነካ ይለቃል። የእንጦጦ ልጅ ይህን ጡት ሳትጥል ታውቃለች። አንቺም ሳንጋባ በፊት ዳገቱ ላይ እጄን መታ አድርገሽ፣ «በጭራው ያዘው፣ ታራቁተዋለህ» ብለሽኝ ነበር። ሦስቱም መጽሐፍ ይህን አይሉም።

በማግስቱ ተመልሼ ወጣሁና ቅርንጫፉን እንዳለ ይዤ ወረድኩ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ «ምነው፣ ጉንፋን ገባ እንዴ እቤት?» አሉኝ። የለም፣ ለግድግዳው ነው አልኳቸው። በሐዘኔታ አዩኝ፤ «እሱ ይማርዎ» ብለው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

አሁን አልቋል፣ ጥሩዬ። ግድግዳው፣ ካቢኔቱ፣ መጋረጃው፣ የጨው ጣሳው ሳይቀር አንድ ቀለም ነው። ጣሳውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ሦስት ቀን አጣሁት፤ ሜሮን ጨው የሌለው ወጥ ስትበላ ሰነበተች፤ የእጄ ሙያ መስሏት ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ግን፣ እንጦጦ ዝናብ ያባራ ዕለት የሚሆነውን ይሆናል። ብቻዬን ቆሜ እስቃለሁ።

እህትሽ አልማዝ ልታይ ስትመጣ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «እሷ ብትኖር ድመቷንም ታስቀባህ ነበር» አለች። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። በዚህ ቤት እንደዚያ ከተሳቀ ቆይቶ ነበር።

ነጭ ማለቴ ስህተት ነበር፤ ይኸው በጽሑፍ። በአፌ እንደማልለው ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ከበሩ ጀርባ መዳፍ የምታህል ቦታ ከዚያ ከተራቆተው አረንጓዴ ሳልሸፍን ተውኩ። አንድ ቀለም ብቻ ብለሻል፣ አልዘነጋሁም። በሩ ሲከፈት አትታይም፤ እንግዳ አያያትም። ማታ በሩን ስዘጋ ግን እጄን የመታሽኝ ዳገት ይመጣልኛል፤ ያንን እንዳልረሳው ብዬ ነው።

ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ቀን እመጣለሁ። ለጋ ቅጠል ይዤልሽ፣ ዱቄቱ እንዳለ፣ በጭራው።