ሹመቱ ሄዶ ቤቱ ለቀረላቸው ለፊታውራሪ ደምለው

ለክቡር ፊታውራሪ ደምለው፣
ለቀድሞው ገዣችን፣ ለአሁኑ የመንግሥት ቤት ነዋሪ፣
ሞጣ።

ክረምቱ እንደምን ይዞዎታል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በቅሎዎስ ደኅና ናቸውን? እኛ ስለ እርስዎ ምቾት ከማሰብ በቀር ምንም አልሆንንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሹመትዎ ከተሻሩ ሁለት ፋሲካ አልፎ፣ ዛሬም በገዥው ቤት መቀመጥዎ የከተማው ሐሜት ሆኗል። እኔ የቅኔ መምህሩ አካለ ወልድ፣ ሐሜት ኃጢአት መሆኑን ስለማውቅ፣ ያለኝን በግልጽ ልጽፍልዎ ወደድሁ።

፩ኛ/ እርስዎን የተኩት ሹም ከነቤተሰባቸው በነጋዴው በአቶ ይማም ጓዳ ተጠግተው ከጨውና ከቆዳ ጋር ያድራሉ። አቶ ይማም እንግዳ አክባሪ ስለሆኑ ቅር አላላቸውም። ባለጉዳዩ ግን ገዥ ፍለጋ መጥቶ ጨው ገዝቶ ይመለሳል።

፪ኛ/ የተሻረ ሹም በመንግሥት ቤት ዕድሜ ልኩን ይኑር የሚል ሕግ እንዳለ ለመረዳት ቢቸና ድረስ ሄጄ ነገረ ፈጅ ጠየቅሁ። ሰውየው ሕጉን ባያገኙልኝም፣ እዚያው ያለውን የእርስዎን ባለ ቆርቆሮ ቤት አሳዩኝ፤ እርስዎ አከራይተውታል፤ እጅግ ያምራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እርስዎ ግን ሲሾሙም በልተው፣ ሲሻሩም ከማዕዱ ስላልተነሡ፣ ቁጭት በደጅዎ አላለፈም። ስለዚህ ብልሃትዎ እናመሰግናለን።

፫ኛ/ ሕጉን በመጨረሻ ያገኘሁት ከራስዎ ቃል ነው። ዛሬ የሚኖሩበት የገዥው ግቢ ዘበኛ ሣህለ ማርያም በሞተ ጊዜ፣ ሚስቱ ባንቺዓለም አርባው እስኪወጣ በበሩ አጠገብ ካለችው የዘበኛ ጎጆ እንድትቆይ ለመነችዎ። እርስዎም በችሎት ተቀምጠው፣ ቤቱ የሥራው እንጂ የሰውየው አይደለም፣ ሥራው ሲቀር ቤቱም ይቀራል ብለው ፈረዱ። በሐምሌ ዝናብ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ዛሬ በዚያች ጎጆ የእርስዎ በቅሎ ትኖራለች፤ በየትኛው ሹመት እንደ ገባች ለመጠየቅ አልደፈርሁም። ትሕትናዬ አያታልልዎ፤ ይህን ስጽፍ ተናድጃለሁ።

በእኛ ቅኔ ቤት፣ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ጎጆውን ለሚመጣው ተማሪ ትቶ ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው ቁራሽ ለምኖ የሚበላ ልጅ ነው። ባንቺዓለምም እስከ ዛሬ የተጠለለችው እንዲህ ከተተወች ጎጆ ነበር። አሁን ግን አዲስ ተማሪ ከመርጡለ ማርያም በዚህ ሳምንት ይደርሳል። ቆዪ፣ ለእርሱ ሌላ እንፈልጋለን ብንላት፣ የሰው ተራ ይዤ አልቀመጥም ብላ ዕቃዋን ጠቅልላለች። ወዴት እንደምትሄድ እርሷም እኛም አናውቅም።

ስለዚህ ቤቱን መልቀቅ ክብርዎን የሚነካ ቢሆን፣ በቅሎዋን ብቻ ያስለቅቁልን። እርሷ ስለ ክብር የምትከራከር አይመስለኝም።

በቤትዎ ሳይሆን በሚኖሩበት ቤት ደጅ ቆሜ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

መሪጌታ አካለ ወልድ
ሰኔ ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለአዲሱ ገዥ፣ በአቶ ይማም ሱቅ በኩል።
ለሕዝቡ፣ በደጀ ሰላም በር ላይ የሚለጠፍ።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ለባንቺዓለም ባነበብሁላት ጊዜ አንድ ነገር እንድጨምር ለመነችኝ፤ እንዲለቁ የተፈረደብዎ እንደሆነ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንዲታገሡዎት። እኔ አልተስማማሁም፤ ነገር ግን ቃሏ ስለሆነ ጻፍሁት።