ታንኳ የሚያህል ጫማ

ለምወድሽ ልጄ እየሩስ፣ ከዳሞታ ተራራ ከፍ ያለ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ቆጵሮስ ይድረስሽ። እኛ አማኑኤል ይመስገን ደህና ነን።

መስቀልን ሶዶ አሳልፈን፣ እንደጋበዝሽን ደሴቲቱ ላይ ለመዝናናት ሽር ጉድ እያልን ነው። አባትሽ ለባሕሩ ብሎ ከሰልባጅ ተራ ቁምጣ ገዝቷል። ጎረቤት እንዳያየው ጋቢ ደርቦበት ጓሮ ሣሩ ላይ ዋና ይለማመዳል።

የላክሽውን ፎቶ አየነው። አጠገብሽ አሸዋው ላይ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ አለ፤ አንደኛው ታንኳ ያህላል። አባትሽ «የማን ነው?» ሲለኝ፣ «የዚያ አገር ጫማ ውኃ ሲነካው ይሰፋል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ለቁምጣው ይሰጋል።

«የምኖረው ብቻዬን ነው» ብለሽናል፤ ለቤቱ ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ። ለአራት ሰው የሚበቃ ዳጣ ፈጭቻለሁ። ቃሪያው ኃይለኛ ነውና የማይችል ካለ ከወዲሁ ንገሪኝ።

እናትሽ አመለወርቅ