ከኮርኒሱ በላይ

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

የፈቃድ መርማሪዎቹ ዛሬም መጡ። ለሦስተኛ ጊዜ። ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ሜትር። በሩን ለኩ፣ መስኮቱን ለኩ፣ ወለሉን ለኩ። ባለፈው የለኩትን ነው የለኩት፤ አልሰፋም፣ አልጠበበም። ቅጹ ላይ የእጅ መታጠቢያ የሚል አለ። የለኝም። የምርመራ አልጋ የሚል አለ። የለኝም። አለቃቸው አልጋ የሌለው ክሊኒክ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። የእኔ ሥራ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፣ ሰው ተቀምጦ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ ሁለት ወንበርና የሚዘጋ በር ይበቃናል አልኩ። ሴትዮዋ ሣቀች። ታዲያ ለወሬ ምን ፈቃድ አስፈለገሽ አለችኝ።

ለወሬ! ስማ ደብተሬ፣ ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ። ሰባት ዓመት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። የሙያ ፈቃዴ በፍሬም ተሰቅሎ ከራሷ በላይ ነበር፤ ቀና ብላ አላየችውም።

ጥርሴን ነክሼ ሸኘኋቸው። አልጋውን እገዛለሁ። ምን አባቴ ላድርግ።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

አልጋው መጣ። አሮጌ ነው፣ አንድ እግሩ አጭር። ከጋሪ አውርደን ስናስገባ ጎረቤቴ ጋሽ ዘውዱ በአንድ በኩል ያዙልኝ። ልብስ ሰፊ ናቸው። የእሳቸውን ክፍልና የእኔን አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸው ሲንጠቀጠቅ እሰማለሁ። ዝምተኛ ሰው። የቤቱን ኮርኒስ ከነጭ ማዳበሪያ ከረጢት የሰፉት ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ወደ ላይ እየጠቆሙ ስፌቱን አሳዩኝ። እውነትም ቀጥ ያለ ስፌት ነው።

አልጋው ላይ ካፖርቴን ጣልኩበት። ሌላ ሥራ የለውም።

ከአከራዬ ከእትዬ ፈንታነሽ ጋር ግን ተጣላን። ታፔላው ላይ አእምሮ የሚል ቃል አይግባ ነው የሚሉት። «አንቺዬ፣ ፍኖተ ሰላም ሁሉ ፈንታነሽ ለእብድ ቤት አከራየች ይለኛል!» ምክር ብለሽ ጻፊ አሉ። ምክር ማንም ይሰጣል፣ ለምክር ማን ስድስት ዓመት ይማራል! ጮህኩ፣ ጮኹ። በመጨረሻ «የሥነ ልቦና ሕክምና» በሚለው ተስማማን። የተስማሙት ምን ማለት እንደሆነ ስላላወቁት ነው። እኔም አላስረዳኋቸውም።

ጥር 5፣ ሰኞ

ፈቃዱ እጄ ገባ። መታጠቢያ አለኝ፣ አልጋ አለኝ፣ የቆሻሻ ባልዲ በሦስት ቀለም አለኝ። ለወሬ።

የመጀመሪያው ታካሚም መጡ። ስማቸውን እዚህ እንኳ አልጽፍም፤ መ. ይበቃል። የታካሚ ሚስጥር ለእኔ ይህን ያህል ነው። የቅኔ መምህር ናቸው፣ ከማንኩሳ ወዲያ፣ ከአባቴ አገር ደብር። እግሬን ልታከም ብለው ነው ከደብሩ የወጡት፤ እግራቸው ደህና ነው። ደጃፉ ላይ ግራ ቀኝ አይተው ገቡ። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ እግራቸው አወሩ። ጠበቅኩ። ከዚያ ነገሩኝ። ማኅሌት ቆመው ተራቸው ሲደርስ አንገታቸው ላይ ጠፍር ይጠብቃል። ድምፅ የለም። ላብ ብቻ። አራት ወር ሆናቸው። ጉንፋን ነው፣ ጥርስ ነው እያሉ ተራቸውን ለሌላ ይሰጣሉ። ተማሪዎቻቸው ቢያውቁ ከዚያ በኋላ ፊታቸው መቆም እንደማይችሉ ነገሩኝ። ለንስሐ አባታቸው እንኳ አልተናገሩም።

ይህን ሕመም አውቀዋለሁ። ይድናል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ስድብ የዋጥኩት።

ሌላም ደስ ያለኝ ነገር አለ። ጋሽ ዘውዱ እንግዳ መግባቱን ሲያዩ መኪናቸውን አቆሙ። ሳልጠይቃቸው። በዚህ ከተማ አንድ አስተዋይ ሰው አገኘሁ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ተናድጃለሁ። መንገድ ተዘግቶ ሁለት ቀን ጠብቃ ከቡሬ የመጣች ሴት፣ ሃምሳ ደቂቃ ካለቀሰችና ካወራች፣ ቀለል አለኝም ካለች በኋላ፣ መርፌው የታለ አለችኝ። መርፌ የለም። ኪኒኑስ? የለም። «ታዲያ አልጋው የምን ነው?» ለመርማሪዎቹ ነው ልበላት?

ከሰዓት ደግሞ ወንድሜ ደሴ ደወለ። የመንግሥት ሥራ ጥዬ የሰው ብሶት ልሰማ መውጣቴን እንደ አዲስ አስታወሰኝ። ዘጋሁበት። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። ይቅርታ ልል ብፈልግም አልችልም። አልፈልግምም።

መ. እየተሻላቸው ነው። ዛሬ ባስተማርኳቸው አተነፋፈስ ሁለት የቅኔ ቤት ያህል አዜሙልኝ። ድምፃቸው ሳይቆረጥ። ከዚያ እንደ ልጅ ሣቁ። ሌላው ሁሉ ገደል ይግባ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት

መ. አሁን ወጡ። ከጉሮሮው ሕመም ሥር ያለውን ነገር ዛሬ አወጡት። የወጣትነት ዘመናቸው ነገር ነው። በሕይወታቸው ለማንም ያልተናገሩት። እዚህ አልጽፈውም፤ አንተም ብትሆን ወረቀት ነህ። በሹክሹክታ ጀመሩ፤ ሲጨርሱ ግን ድምፅ አውጥተው ያለቅሱ ነበር። ሲነሡ አንገታቸውን ዳበስ አድርገው ላላ አሉ። አንዲት ቃል። ላላ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መኪናው ጸጥ። ዛሬም አቆሙልኝ። ወጥቼ ሳመሰግናቸው ጋሽ ዘውዱ ከጨርቃቸው ቀና አላሉም። ምስጋና የሚያሳፍረው ጨዋ ሰው።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከአባቴ አገር አሁን ተመለስኩ። መጻፍ አልችልም። እጽፋለሁ።

ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ነገ ደግሞ ጾም ይገባል፣ አገሬው በሙሉ ንግሡ ላይ ነው። ስብከት አለቀ። ማስታወቂያ። የደብሩ አስተዳዳሪ ማይክራፎኑን ያዙ። ለመምህራችን ጸልዩ አሉ። በስማቸው ጠሯቸው። በሙሉ ስማቸው። «ማኅሌት ሲቆሙ አንገታቸውን ጠፍር እያነቀ ድምፅ ነሥቷቸዋል። ሁላችሁም አቡነ ዘበሰማያት ድገሙላቸው።»

ጠፍር። ጠፍር አሉ! ይህን ቃል የሰማሁት በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ሰው አፍ ነው።

ሕዝቡ ደገመ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ተማሪዎቹ ዞረው መምህራቸውን አዩ። መ. መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ቀና ብለው በሰው መካከል ፈለጉ። አገኙኝ። አዩኝ። ዘወር አሉ።

አልተናገርኩም! ለእናቴ ልጅ ለደሴ እንኳ አልተናገርኩም። ለአንተ እንኳ በአንዲት ፊደል ነው የነገርኩህ። አንተን ማን ከፈተህ? መሳቢያው ይቆለፋል። የክፍሉ ትርፍ ቁልፍ ግን እትዬ ፈንታነሽ ዘንድ ነው። ቆይ። ቆይ ብቻ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

በጠዋት እትዬ ፈንታነሽ ላይ ጮህኩባቸው። ቁልፍ አልኩ፣ ደብተር አልኩ፣ ያላልኩት የለም። በኪዳነ ምሕረት ማሉ። ማንበብ እንደማይችሉ የረሳሁት እኔ ነኝ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አፈርኩ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ የሚያርፍበት ሰው አጣ እንጂ።

በዚህ መካከል የጋሽ ዘውዱ መኪና ጀመረ።

ቆምኩ። እሰማዋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሰምቼዋለሁ። እኔ የእሳቸውን ከሰማሁ እሳቸውስ?

እትዬ ፈንታነሽን ለምኜ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ በሩን ዘግተው ቀስ ብለው አባታችን ሆይ እንዲሉ። እኔ ወደ ልብስ ሰፊው ክፍል ገባሁ። እስከ አሜን ድረስ ቃል በቃል ሰማሁ። በርጩማ ላይ ወጥቼ የኮርኒሱን ጠርዝ ገለጥኩ። ግድግዳው እዚያው ያልቃል። ከዚያ በላይ ማገር፣ የሸረሪት ድር፣ ቆርቆሮ። ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ወለል ያለ።

ዘውዱ አልካደም። አዎ፣ ዘውዱ። ከዛሬ ጀምሮ አንቱታ የለም። የዚያው ደብር ተወላጅ ነው፣ መ.ን ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። ክፍሉ ተቀምጦ አብሯቸው ያለቅስ እንደነበር ነገረኝ። ለአስተዳዳሪው ያደረሰው ለጸሎት ነው። «ብቻሽን ከምትታገዪ ሕዝብ ያግዝሽ ብዬ እኮ ነው እቴ። ክፉ ሠራሁ?» አፌን እያየ ምስጋና ጠበቀ።

ክንዴ ተነሥቶ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልመታው ነበር።

አሁን ግን በማን ልናደድ? መርማሪዎቹን ሦስት ወር ስሰድብ ከረምኩ። መታጠቢያ ጠየቁኝ፣ አልጋ ጠየቁኝ፤ ድምፅ ይወጣል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እነሱ ያልጠየቁኝን እኔም አልጠየቅኩም። ሰባት ዓመት በግንብ ክፍል ሠርቼ ግድግዳ ሁሉ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መሰለኝ። የታካሚዬን ስም አልጽፍም እያልኩ ስመጻደቅ ዘውዱ ሁሉን ነገር እየሰማ የሸሚዝ ቁልፍ ይተክላል። ደደብ። ደደብ ነኝ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

በሩን ቆለፍኩ። ቀጠሮ ያላቸው ሲመጡ ከመንገዱ ማዶ ወስጄ እውነቱን ነገርኳቸው። አንዱ ሰምቶኝ ሳይጨርስ ሄደ። የቡሬዋ ሴት ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልሰደበችኝም። መርፌ የሚወጉት ሰው ሲጮህ ውጭ እንደሚሰማ፣ ምን እንዳመመው ግን እንደማይታወቅ ነገረችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ወደ መናኸሪያው ሄደች። ምን ልበላት? ልክ ናት።

እትዬ ፈንታነሽ ታፔላውን ሳወርድ አይተው መጡ። መሰላሉን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

እስከ ማንኩሳ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። መ. ከቅጽሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተማሪዎቹ ጎጇቸው ደጅ ትምህርታቸውን ጮክ ብለው ይቀጽላሉ፤ እኔን ሲያዩ ድምፃቸው ቀነሰ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ግድግዳውን፣ ኮርኒሱን፣ ልብስ ሰፊውን። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። እስክጨርስ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«የመጨረሻውንም ቀን ሰምቶ ይሆን?»

አላውቅም አልኩ። በእርጋታ አስረዱኝ። ጉሮሯቸውን አገር አወቀው፣ ይሁን፣ ከነሐፍረቱ ይኖሩታል። ያኛውን ሚስጥር ሰው ሰምቶት ከሆነ ግን እዚህ አይቆዩም። ጉባኤውን በትነው ወደ ሩቅ ገዳም ይሄዳሉ። ካልተሰማ ይቆያሉ። እስከ ዓርብ ንገሪኝ አሉ። ልጄ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘውዱን መጠየቅ አልችልም። ብጠይቀው የሚጠየቅ ነገር እንዳለ ነገርኩት ማለት ነው። ባይሰማ እንኳ ያን ጊዜ ይፈልገዋል። አግኝቶም ለጸሎት ይሰጠዋል።

የካቲት 20፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ክፍሉ ውስጥ ነኝ። አልጋው ላይ ተቀምጫለሁ፤ ከገዛሁት ዛሬ ገና ጠቀመኝ። ያን ቀን ለማስታወስ እሞክራለሁ። መኪናው እየሠራ ነበር? ሲሠራ የሰማሁ ይመስለኛል። የሚመስለኝ ስለፈለግኩት ነው።

ከዚያ አንተን ገለጥኩ። ወደ ኋላ። የካቲት 4። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መኪናው ጸጥ።» በራሴ እጅ ጽሕፈት።

ታውቅ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ይዘኸው ተኛህ። ዘውዱን ምስጋና አላሳፈረውም፤ ዓይኔን ማየት አቅቶት ነው ያቀረቀረው። የጉሮሮውን ነገር ለአስተዳዳሪው ሰጠ፣ ይህን ግን ለራሱ አስቀረ። እስከ ዛሬ። ነገስ? ለእሱ ነገ አንዱ መልካም ሐሳብ ቢመጣለትስ?

ገጹን ልቀድደው ያዝኩት። ማንም አያውቅም። ሄጄ ዘውዱ አልሰማም ብላቸው ይቆያሉ። ተማሪዎቹም አይበተኑም። እኔም እተነፍሳለሁ። ጠርዙ ትንሽ ተቀድዷል፣ ታየዋለህ።

ማይክራፎኑ ትዝ አለኝ። በእኔ ቃል ተማምነው ቆይተው፣ አንድ እሑድ ያንን ከዚያ ቢሰሙት! እንደገና በሰው መካከል ቀና ብለው ቢፈልጉኝ!

ዓርብን አልጠብቅም። አሁን ነው የምሄደው። ሰምቷል እላቸዋለሁ። አንተም ትሄዳለህ። ያችን ገጽ ብቻ ከፍቼ እሰጣቸዋለሁ፣ ራሳቸው ያንብቧት። ዘውዱን ጨዋ ሰው ያልኩበትንም ያንብቡ።