ከነሳልሽ ነይ

ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከረምሽ እማ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሳልሽስ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሌሊት ጎረቤት ይቀሰቅሳል? የእንጭኒ ብርድ ሰው አይምርም፣ ጋቢሽን ደርበሽ ተቀመጪ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። በስልክ ብጮህ ብጮህ አንቺ እሺ እሺ ከማለት በቀር የምትሰሚው ነገር እንደሌለ ስለማውቅ ነው የምጽፍልሽ። ነቢል ወንድሜ፣ እንደተጻፈው አንብብላት። እንደ ልማድህ ያልጣመህን እየዘለልክ ከራስህ እንዳትጨምር።

እማ፣ መቀየምሽን ሰምቻለሁ። የወለድኳት ልጅ ደጅ አቆመችኝ ብለሽ ላገኘሽው ሁሉ ስታለቅሺ ከረምሽ አሉ። እውነትሽን ነው፣ ምን ብዬ እከራከርሻለሁ? ቅቤሽን ቋጥረሽ፣ መኪና እየቀያየርሽ አምቦ ድረስ መጥተሽ በሩ አልተከፈተልሽም። ባሌ አቡበከር፣ ጨረሩ ከሰውነቷ እየወጣ ነው፣ ሰው ያቃጥላል ሲልሽ፣ ከልጄ የሚወጣ ያቃጥለኝ፣ አንተ ምን አገባህ ስትዪው ከውስጥ እሰማ ነበር። ከዚያ ሳልሽ ተነሳ። እሱም ሳሉን ሲሰማ ጊዜ መስኮቱንም ጥርቅም አደረገው። አንቺ ግቢው መሀል ቆመሽ እየሳልሽ ስትረግሚው እኔ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

እሱን ግን አትርገሚው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፣ እስከዛሬ የሚነግርሽ ሰው አላገኘሽም።

የማሕፀኔን ዕጢ ለማቃጠል አዲስ አበባ ጨረር ሲሰጠኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ጨረሩ ሲመታሽ አያምም። ማሽኑ ሥር ተኝተሽ ጣራ ማየት ነው፣ ይኸው ነው እንዴ ብዬ ንቄው ነበር። በኋላ ግን ደሜን ሲመረምሩ የሐኪሙ ፊት ተለዋወጠ። ደም ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ነጭ ሴሎች አሉ፣ የአንቺ በጣም ወርደዋል አለኝ። ጨረሩ ዕጢውን ሊገድል ሲገባ በዚያ የሚያልፈውን ደምና የአጥንትሽን መቅኔም ያገኘዋል፣ ሴሎቹ ደግሞ ከዕጢው ቀድመው የሚሞቱ ስሶች ናቸው አለኝ። ሱቃችን አይጥ የገባ ጊዜ አባባ መርዝ አስቀምጦ ድመታችን የሞተችው ትዝ ይልሻል? ልክ እንደሱ ነው።

ሌላም ነገር ነግሮኛል። አንዳንዴ ዕጢው ሲፈራርስ የተረፉት ሴሎች ፍርስራሹን አይተው ጠላታቸውን ይለያሉ፣ ጨረሩ ያልደረሰበት ቦታ ድረስ ሄደው ይዋጉታል፣ ግን ይህ የሚሆነው ለጥቂት ሰው ነው፣ ቃል አልገባልሽም አለ። እኔ ግን ቃል እንደገባልኝ አድርጌ ያዝኩት። ምን ላድርግ? ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

እንግዲህ ሴሎቹ እስኪያንሰራሩ ጨረሩ ቆመና ወደ አምቦ ተመለስኩ። ሰው የተሰበሰበበት እንዳትደርሺ፣ የሚያስል ሰው አጠገብሽ እንዳይመጣ፣ ልጅሽም ንፍጥ ካለባት እንዳታቅፊያት ተባልኩ። ትንሽ ጉንፋን ብትገባብኝ ሕክምናው ይራዘማል፣ ዕጢው ደግሞ እኔን ቆሞ አይጠብቅም። ሳልሽን የፈራነው ለዚህ ነው እማ። ልዳን ብዬ ነው የዘጋሁብሽ።

ግን አምቦ ውስጥ ታመሽ አትጠይቁኝ በይ እስቲ! ገበያው ሁሉ ነው የሚመጣው። አቡበከር ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ደንበኛ ጨርቅ ሲያስለካው ውሎ ምንም ሳይገዛ ሲሄድ እንኳ አመሰግናለሁ የሚል ሰው ነው። እንዴት ብሎ ጠያቂ ይመልስ? ይሉኝታው ሲያስጨንቀው ጊዜ እኔን ሳያማክር ያንን የጨረር ውሸት ፈጠረ። ውሸት ነው! ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል፣ ሰውነቴ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ሰዉ ግን አመነው። ኦቦ ፈዬራ ጎረቤታችን፣ ያ ወሬው የማያልቅ ሰውዬ፣ ከአጥር ውጭ ሆኖ አካም ጅርታ ብሎ ይጮህና መልሴን ሳይሰማ ውልቅ ይላል። እትዬ አየለች ገንፎ እየሠራች ትልካለች፣ ሳህኗን ግን መልሱልኝ አትልም። እናንተው ጋ ይቅር ትላለች። የሌሎቹም እንደዚያው። የሰው ሳህን መስኮቴ ሥር ተከመረ እማ፣ ባዶውን እንዳልመልስ አፍራለሁ፣ ሞልቼ ብመልስ የሚቀበለኝ የለም። እስረኛ እንኳ ይጠየቃል እኮ!

የተዘጋብኝን ክፍል ታውቂዋለሽ፣ የሱቁን የጨርቅ ጣቃ የምናስቀምጥበት ነው። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ቀን ቀን የጣራውን ቆርቆሮ ሳይ እውላለሁ። ዙልፋ ልጄ በር ሥር ተቀምጣ፣ እማዬ መብራት ሲጠፋ ታበሪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትምህርት ቤት አብሯት የሚቀመጥ ጠፍቶ ኖሯል፣ ልጆቹ እናትሽ ጨረር ናት ይሏታል። የዚያን ቀን አቡበከርን ስድብ አጠገብኩት፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። በሩን ግን አልከፈተም። እኔም ክፈት አላልኩትም፣ መዳን ፈልጌያለሁ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ሄድን። አምቦ ያስመረመርኩት ደም ጥሩ ነበር፣ ሴሎቹ ጨምረዋል። መንገዱን ሙሉ ድመቶቹ ተመለሱ እያልኩ አቡበከርን አሳቅኩት። አዲስ ዓለም ላይ መኪናው ሲቆም ሙዝ ገዝቼ ከሰው መሀል ቆሜ በላሁ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

እዚያ እንደደረስን ሰውነቴን ሙሉ ፎቶ አነሱኝ። ሐኪሙ ፎቶውን ሲያይ ቆየና አቡበከርን ተቀመጥ አለው። እኔ ቸኩዬ፣ ሴሎቼ ጨምረዋል፣ ጨረሩን መቼ እንቀጥላለን አልኩት። ከዚህ በኋላ ጨረር አያስፈልግሽም፣ ማስታገሻ እሰጥሻለሁ አለኝ። ታዲያ እንዴት ልጠንቀቅ፣ ሰው ይጠይቀኛል ብለው፣ ማንም ይምጣ አለ። ልጄስ? አብራሽ ትተኛ አለ። እናቴ ሳል አለባት አልኩት እማ። ምንም አይደለም፣ ትምጣ፣ ቶሎ ትምጣ አለኝ።

ነቢል፣ እዚህ ላይ ድምፅህ እንዳይለወጥ። ቀጥል።

ይኸው በሩ ተከፈተ። አቡበከር ራሱ ቤት ለቤት ዞሮ ዋሽቻችሁ ነበር አለ። እትዬ አየለች አንተ ቀጣፊ ብላ ሰደበችው፣ ከዚያ ሳህኖቿን ለቅማ ሄደችና ሞልታ ተመለሰች። ኦቦ ፈዬራ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ወሬውን ይዘረግፋል። ዙልፋ አቅፋኝ ነው የምታድረው፣ ንፍጧን አንገቴ ላይ ትጠርገዋለች፣ ፊቴን አላዞርባትም። ይገርምሻል፣ ተዘግቶብኝ ሳለ መውጣት ያምረኝ ነበር። አሁን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ የምሄድበት ጠፋኝ። ቀን ከሌት መንገድ መንገዱን አያለሁ።

ስለዚህ እማ፣ ሳሌ ይሻለኝ ብለሽ አትዘግዪ። የገበያውን ቀንም አትጠብቂ። ቅቤም አትቋጥሪ፣ እጅሽን ይዘሽ ነይ። አጠገቤ ተኚና እንደልብሽ ሳዪ፣ ብትቀሰቅሺኝም ደስ ይለኛል። ባሌንም አውፍ በይው፣ ይቅር በይው፣ ካሁን ወዲያ የሚያበረታው ሰው ያስፈልገዋል።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልኝ። ለእኔ ያሰብሽውን ዕድሜ ለዙልፋ ያድርግላት። የእናትነትሽን ሐቅ ሳልከፍል ቀርቼ እንደሆነ ሐላል በይኝ።

በሩን ከፍታ የምትጠብቅሽ
ልጅሽ